ለጋነቱ የተቆለፈ ወይን፦ በፎገራ ሜዳ ከጓሮ ወይን የፖርት ዓይነት ጠጅ የማዘጋጀት ጥያቄ

የጥያቄው ወሰን

ፖርት የሚባለው መጠጥ ከሌላው ወይን ጠጅ የሚለየው በአንዲት የአሠራር እርምጃ ነው። የተጨመቀው ወይን በመፍላት ላይ ሳለ፣ እርሾው ስኳሩን ገና ግማሽ ያህል እንደበላ፣ ከወይን የወጣ ብርቱ አረቄ ይጨመርበታል፤ አረቄው እርሾውን ስለሚገድለው መፍላቱ ይቆማል፣ ያልተበላውም ስኳር በመጠጡ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። በዚህ መንገድ የሚገኘው መጠጥ የአልኮል መጠኑ ከ19 እስከ 22 በመቶ ሲሆን፣ በአንድ ሊትር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 120 ግራም ስኳር ይይዛል። ተራው ቀይ ወይን ጠጅ በአንጻሩ ከ12 እስከ 14 በመቶ አልኮል ይዞ ስኳሩን ጨርሶ የደረቀ ነው።

ነገሩ ጠጅ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። ብርዝ ያልፈላ የማር ውኃ ነው፤ ለጋ ጠጅ መፍላት ጀምሮ ጣፋጭነቱ ያልለቀቀው ነው፤ የበሰለው ጠጅ ደግሞ እርሾው ማሩን ጨርሶ ያጠነከረው ነው። ለጋ ጠጅ ጥቂት ቀናት ቢያድር ለጋነቱ ያልፋል፤ ይህን ማለፍ ሊያስቆም የሚችል ዘዴ በአገሩ የጠጅ አጣጣል ውስጥ የለም፤ ያለው አማራጭ በጊዜው መጠጣት ብቻ ነው። ፖርት ለጋነቱ በአረቄ የተቆለፈ ወይን ጠጅ ነው ቢባል፣ ፍቺው ከእውነታው አይርቅም።

በወረታ ከተማና በዙሪያዋ ባለው የፎገራ ሜዳ በጓሮ ከተተከለ ወይን እንዲህ ያለ መጠጥ ማዘጋጀት ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ፣ ሲጠየቅ አንድ ቢመስልም በውስጡ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን ይዟል። የመጀመሪያው ወይን በዚህ ምድር ይበቅላል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው የሚበቅለው ፍሬ ለፖርት የሚበቃ ስኳርና ቀለም ያጠራቅማል ወይ የሚል ነው። ሦስተኛው መፍላቱን የሚያስቆመው አረቄ ከየት ይገኛል የሚለው ነው። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ላይ ይጀምርና እዚያው ያልቃል፤ ይህ ዳሰሳ ግን ከባዱ ጉዳይ ሦስተኛው መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል።

ወይና ደጋ የሚለው ስም

የአማርኛ ተናጋሪ አገሩን በከፍታና በአየር ጠባይ ሲከፍል ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ይላል። መካከለኛው ስም ሲተረተር «የወይን ደጋ» ማለት ነው፤ በልማድ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ያለውን ምድር ይሸፍናል። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ሙሉ በሙሉ በዚህ ክልል ውስጥ ይወድቃል። ከዚህም በላይ ወይና ደጋ በዚሁ የጣና ምሥራቃዊ አገር የአንድ ቦታ መጠሪያ ሆኖ በታሪክ ይታወቃል፤ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም እ.ኤ.አ. በየካቲት 1543 በአፄ ገላውዴዎስ ሠራዊት ተሸንፈው የወደቁበት ጦርነት የሚጠራው በዚህ ስም ነው።

ከስሙ የሚነሳው ክርክር ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ወገን ስሙ ራሱ ምስክር ነው፣ ወይን በስፋት ባልተተከለበት አገር አንድ ሙሉ የአየር ጠባይ በወይን ሊሰየም አይችልም ይላል። ሌላው ወገን ስሙ የሚናገረው ወይን ሊበቅል የሚችልበትን ልከኛ አየር እንጂ በርግጥ የተተከለ ወይንን አይደለም ባይ ነው። ሁለቱም ወገኖች የሚጠቅሱት ማስረጃ ውሱን ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መርከበኞች መመሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡ ሸቀጦች መካከል ከሎዶቅያና ከኢጣሊያ የሚመጣ ጥቂት ወይን ጠጅ ይዘረዝራል፤ ይህም ወይን ጠጅ በአክሱም ዘመን ቢያንስ በከፊል የውጭ ሸቀጥ እንደነበር ያስረዳል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቹጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ደግሞ ከወይን ፍሬ የሚሠራ ጠጅ በግልጽ የሚዘጋጀው በሁለት ቤቶች ብቻ፣ ማለትም በንጉሡና በአቡነ ማርቆስ ቤት እንደሆነ ጽፏል። አልቫሬዝ የተናገረው ስለ ጠጁ እንጂ ስለ ተክሉ ስላልሆነ፣ ምስክርነቱ ለሁለቱም ወገን ያገለግላል፦ ወይኑ ነበረ፣ ጠጁ ግን የቤተ መንግሥትና የጳጳስ ቤት ነገር ነበረ።

ለፎገራ ይበልጥ የሚቀርበው ማስረጃ ይፋግ ናት። ከወረታ በስተሰሜን፣ በሊቦ ከምከም፣ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ የምትገኘው ይህች ጥንታዊት የገበያ ከተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች ዘንድ ከንግዷ ባሻገር በወይን ተክሏም ትነሳለች። ይፋግ ከሜዳው ውኃ ከፍ ብላ በኮረብታዎች ግርጌ መቀመጧ ቀላል ነገር አይደለም፤ ኋላ እንደሚታየው የወይን ጉዳይ በዚህ አገር የከፍታ ብቻ ሳይሆን የተዳፋትም ጉዳይ ነው። ያ ወይን ለምን ሳይስፋፋ ቀረ ለሚለው አንዳንዱ የተክል በሽታን፣ አንዳንዱ የጎንደርን መዳከምና የዘመኑን ጦርነት፣ አንዳንዱም የማር ብዛትንና የጠጅን ክብር ምክንያት ያደርጋል። ሦስተኛው ምክንያት ከሚሰጠው ክብደት የበለጠ ይገባዋል። ማር በሞላበት አገር፣ ጠጅ በብርሌ በሚቀርብበት ማዕድ ላይ፣ ወይን ዓመት ሙሉ የሚጠይቀውን ድካም የሚያስመርጥ ነገር ብዙ አልነበረም። መጠጡ በአማርኛ «ወይን ጠጅ» መባሉም ጠጅ ቀዳሚው መለኪያ፣ ወይን ደግሞ ተከታዩ እንደነበር ይናገራል።

ዘቢብና መቅደስ

ቤተ ክርስቲያን ያለ ወይን አትቀድስም፤ ነገር ግን ለቅዳሴ የሚቀርበው የፈላ ወይን ጠጅ ሳይሆን ከዘቢብ፣ ማለትም ከደረቀ የወይን ፍሬ የሚዘጋጅ ጭማቂ ነው። አልቫሬዝ በዘመኑ ዘቢቡ በዕቃ ቤት ተጠብቆ እንደሚኖር፣ በውኃ ተዘፍዝፎ ካበጠ በኋላ በጨርቅ እንደሚጨመቅ ዘግቧል፤ ሥርዓቱ በመሠረቱ እስከ ዛሬ አለ። ስለዚህ በኢትዮጵያ የወይን ባህል አለ ወይስ የለም ተብሎ ሲጠየቅ፣ የተክሉን፣ የጠጁንና የዘቢቡን ባህል ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ያልተቋረጠው የዘቢቡ ነው። ይህ ልዩነት የሃይማኖት ብቻ ሳይሆን የአሠራርም ፋይዳ ስላለው፣ ዳሰሳው ወደ መጨረሻው ይመለስበታል።

ፖርት ከየት መጣ

ፖርት ስሙን ያገኘው በሰሜን ፖርቹጋል በዶውሮ ወንዝ አፍ ላይ ካለችው ከፖርቶ ከተማ ነው። ፖርቹጋሎች ከጣና አካባቢ ጋር የቆየ ታሪክ ስላላቸው፣ በክሪስቶቮ ዳ ጋማ የተመሩት 400 ያህል ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ1541 ስለመጡ፣ ኢየሱሳውያን መነኮሳትም በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጎርጎራ ስለተቀመጡ፣ ይህ ዓይነቱ ወይን ጠጅ ያኔ ታውቆ ሊሆን ይችላል የሚል ግምት ይቀናል። ዘመኑ ግን አይገጥምም። ፖርት በእንግሊዝ ነጋዴዎች እጅ ዝነኛ መሆን የጀመረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው፤ ገበያውን ያሰፋው እንግሊዝና ፖርቹጋል እ.ኤ.አ. በ1703 የተፈራረሙት የንግድ ስምምነት ሲሆን፣ የዶውሮ ሸለቆ የወይን ወሰኑ በሕግ የተከለለለት በ1756 ነው። ወይን ጠጁ በመርከብ ሲጓዝ እንዳይበላሽ ጥቂት አረቄ ይጨመርበት ነበር፤ መፍላቱን በመሐል ለማቋረጥና ጣፋጭነቱን ለመያዝ አረቄ መጨመር ግን አጠቃላይ ደንብ የሆነው ይበልጥ ዘግይቶ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ነው። አፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ሲያስወጡ ዛሬ ፖርት የሚባለው መጠጥ ገና አልተፈጠረም ነበር።

በዶውሮ አሠራር ሁለት ነገሮች ለቤት ሠሪ ልብ ሊባሉ ይገባል። መፍላቱ የሚቆየው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነ ቀለሙንና ጣዕሙን ከልጣጩ ለማውጣት ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ወይኑ በሰፊ የድንጋይ ገንዳ ውስጥ በሰው እግር ለሰዓታት የሚረገጠው ለዚህ ነው። የሚጨመረው አረቄ ደግሞ 77 በመቶ አልኮል የያዘ የወይን አረቄ ሲሆን፣ መጠኑም በአራት እጅ ወይን አንድ እጅ ያህል ነው።

ሜዳው ወይስ ተዳፋቱ

በፎገራ አዲስ ሰብል ይለምዳል ወይ ለሚለው፣ ተስፈኞች ሁልጊዜ ሩዝን ይጠቅሳሉ። በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት የተጀመረው ሩዝ፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሜዳውን ሸፍኖ ወረታን የሩዝ ከተማ አድርጓታል፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የተቋቋመው በዚያው ነው። ንጽጽሩ ግን ሥሩ ላይ ይሰበራል። ሩዝ የተስማማው ሜዳው በክረምት በጉማራና በርብ ወንዞች ሙላት ውኃ ስለሚተኛበት፣ ጥቁሩ የዋልካ አፈርም ውኃ አምቆ ስለሚይዝ ነው። የወይን ሥር የሚሞተው በዚሁ ምክንያት ነው። ዋልካ በክረምት ጭቃ ሆኖ አየር ይከለክላል፣ በበጋ ደግሞ ተሰንጥቆ ሥሩን ይበጥሳል። ለሩዝ በረከት የሆነው ሁሉ ለወይን ፈተና ነው።

ስለዚህ የተሻለው አቋም ሜዳውን ለሩዝ ትቶ ከሜዳው ዳር ወደ ደብረ ታቦርና ወደ አዲስ ዘመን በሚያወጡት ተዳፋቶች ግርጌ ያለውን ድንጋያማ ቀይ አፈር፣ በከተማ ውስጥም ከፍ ተደርጎ የተደለደለ ጓሮን የሚመርጠው ነው። የይፋግም አቀማመጥ ይህንኑ ይመሰክራል። በአገር ውስጥ ያለው ዘመናዊ ማስረጃም ወደዚሁ ያመለክታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ በዝዋይ የተተከለውና በ2014 ጠርሙሱን ለገበያ ያቀረበው ሰፊ የወይን እርሻ ያረፈው አሸዋማ አፈር ላይ ነው፣ ዝናቡም ከፎገራ በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ ተክሉ የሚኖረው በመስኖ ነው። ዝዋይ የሚያረጋግጠው ወይን በኢትዮጵያ ወይና ደጋ ጥሩ ጠጅ እንደሚሰጥ እንጂ በማንኛውም ወይና ደጋ እንደሚሰጥ አይደለም።

ሁለተኛው የክርክር ነጥብ ወቅት ነው። በብርድ አገሮች ወይኑን የሚያስተኛው ክረምታቸው ነው፤ ፎገራ ግን ወይን የሚያስተኛ ብርድ ስለሌላት ተክሉ ዓመቱን ሙሉ እንደለመለመ ይኖራል፣ ስለዚህ የሚያስተኛውና የሚቀሰቅሰው የሰው መቀስና የውኃው መቆም ነው። ሐረጉ በጥቅምት፣ መሬቱ ክረምት ያጠጣውን ውኃ ከለቀቀ በኋላ ቢገረዝ፣ ፍሬው የሚበስለው በየካቲትና በመጋቢት ደረቅ ፀሐይ ነው። በግንቦት ቢገረዝ ግን ፍሬው የሚያብበውና የሚያብጠው በክረምት ዝናብ ውስጥ ስለሚሆን፣ ዱቄት የተነሰነሰ በሚያስመስለው ነጭ ሻጋታና በቅጠሉ ጀርባ በሚያቆጠቁጠው የእርጥበት ሻጋታ ይጠቃል። ብዙ የጓሮ ወይን «አይሆንም» ተብሎ የሚተወው ተክሉ እምቢ ስላለ ሳይሆን በዝናብ እንዲያፈራ ስለተገደደ ነው።

የስኳሩም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ለፖርት የሚበቃ ጭማቂ በሊትር 220 ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ስኳር ሊኖረው ይገባል፤ ለመብል የሚለቀም ወይን ብዙውን ጊዜ ከ160 እስከ 180 ግራም ላይ ይቆረጣል። በጓሮ ወይን ዳስ ሥር ቆሞ ወደ ላይ ለሚመለከት ሰው ምክንያቱ ይታየዋል፦ ቅጠሉ ጣሪያ ሠርቶ ዘለላው በጥላ ውስጥ ተንጠልጥሏል፣ ከዳሱ ጠርዝ ያለው ፍሬ ጠቁሮ ሳለ የመሐሉ ገና ቀይና ኮምጣጣ ነው፣ ሥሩም የዕቃ አጣቢ ውኃ በየቀኑ ስለሚደፋበት ፍሬው ውኃ ጠጥቶ አብጧል። ወፍና ሕፃን ሳይቀድሙ ለመልቀም ሲባልም ከመብሰሉ በፊት ይለቀማል። በዘለላው ዙሪያ ያለውን ቅጠል ማሳሳት፣ ከመለቀሙ በፊት ባሉት ሳምንታት ውኃውን መቀነስና ዘለላውን በሻሽ መሸፈን፣ ምንም ወጪ ሳይጠይቅ ብዙ ለውጥ ያመጣል።

የአረቄው ነገር

ወይኑ በጥሩ ተዳፋት ላይ በጥሩ ወቅት ቢበስል እንኳ፣ ጥያቄው ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ስሌቱ በዝርዝር ቢታይ ይጠቅማል። ከ220 ግራም ስኳር 100 ግራም ያህሉ ሲፈላ 6 በመቶ ገደማ አልኮል ይሰጣል፣ 120 ግራሙ ይቀራል። 6 በመቶ የደረሰ 20 ሊትር ወይን ወደ 20 በመቶ ለማድረስ የሚያስፈልገው አረቄ እንደ ብርታቱ በእጅጉ ይለያያል፤ በፎገራም የሚሰሙት ሦስት አማራጮች የሚመዘኑት በዚህ ነው።

የመጀመሪያው አማራጭ በአካባቢው የሚወጣውን አረቄ መጠቀም ነው። ከዳጉሳ፣ ከበቆሎ ወይም ከሌላ እህል ድፍድፍ፣ በብቅልና በጌሾ ተጠንስሶ የሚወጣው አረቄ ሁለት ደረጃ አለው፤ ተራው ደከም ያለ ሲሆን፣ ዳግም የሚባለው፣ ማለትም ተመልሶ የተጣራው፣ 45 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በዳግም አረቄ 20 ሊትሩን ወይን ለመቆለፍ 11 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። ይህም ማለት ከሚገኘው መጠጥ ከሲሶ በላዩ አረቄ፣ የአረቄውም ከግማሽ በላይ ውኃ ነው። ስኳሩ በሊትር ከ120 ወደ 77 ግራም ይወርዳል፤ ቀለሙም በዚያው ልክ ይሳሳል። የጌሾውና የጭሱ ሽታም በወይኑ ላይ ያርፋል። የዚህ አማራጭ ደጋፊዎች አረቄው በየቤቱ መገኘቱንና ዋጋውን ያነሳሉ፤ ልክ ናቸው፤ የሚገኘው መጠጥ ግን ወይን የገባበት አረቄ እንጂ አረቄ የገባበት ወይን ለመባል ይቸገራል።

ሁለተኛው አማራጭ ከራሱ ከወይኑ አረቄ ማውጣት ነው። ለዶውሮው ሥርዓት የሚቀርበው ይህ ነው፤ 77 በመቶ ከደረሰ 5 ሊትር ያህል ብቻ ይበቃል፣ ስኳሩም 96 ግራም ላይ ይቆያል። ነገር ግን በ5 ሊትሩ ውስጥ ያለውን አልኮል ለማግኘት 12 በመቶ የሆነ ከ30 ሊትር በላይ ወይን ጠጅ መጣራት አለበት። ለሚቆለፈው 20 ሊትርና ለሚጣራው 30 ሊትር በጠቅላላው 75 ኪሎ ግራም ያህል ፍሬ ይጠይቃል፤ ይህ ከአንድ የጓሮ ዳስ የሚጠበቅ ምርት አይደለም። በሸክላና በመቃ በሚሠራው የቤት ማውጫ 77 በመቶ ለመድረስም ሁለት ጊዜ ማጣራት አይበቃም።

ወጪ ለመቆጠብ የተጨመቀውን አተላ፣ ማለትም ልጣጩንና ፍሬውን፣ ማጣራት የሚፈትን ሐሳብ ነው። እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያው ግልጽ መሆን አለበት። ሜታኖል የሚባለው፣ ዓይን የሚያጠፋና ነፍስ የሚቀጥፈው አልኮል፣ የሚመነጨው ፔክቲን ከተባለው የፍሬ ልጣጭ ንጥረ ነገር ስለሆነ፣ ከአተላ የሚወጣ አረቄ ከጭማቂ ከሚወጣው ይልቅ ሜታኖል ይበዛበታል። መጀመሪያ የሚንጠባጠበውን መድፋት መጥፎ ሽታ ያላቸውን ነገሮች ይቀንሳል፤ ሜታኖሉን ግን ሙሉ በሙሉ አያወጣውም፤ በተራ ማውጫ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተበታትኖ ይወርዳልና። አረቄን በክብሪት ለኩሶ መፈተንም ስለ ብርታቱ ጥቂት ይናገር ይሆናል፣ ስለ ንጽሕናው ግን ምንም አይናገርም። ብርቱ አረቄ በተከፈተ እሳት አጠገብ በጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ የሚያወጣው እንፋሎትም ቤት የሚያቃጥል ነው።

ሦስተኛው አማራጭ ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሚወጣውና ለመጠጥ የተፈቀደው 96 በመቶ ንጹሕ አልኮል ነው። ከዚህ 3.7 ሊትር ለ20 ሊትር ወይን ይበቃል፣ ስኳሩም በሊትር 101 ግራም ይቀራል፤ በስሌት ከሦስቱም የሚበልጠው ይህ ነው። የሚነሳበት ቅሬታ ጣዕም የለሽ መሆኑ ነው፤ የዶውሮ ሠሪዎች የሚፈልጉት የወይን ሽታ የለውም። ይህ ቅሬታ ለፋብሪካ ይሠራል፣ ለጓሮ ግን ጣዕም የለሽነቱ የጌሾ ሽታ ከመሸከም ይሻላል። ዋናው ጥንቃቄ ሌላ ነው፦ ለማገዶና ለቁስል ማጽጃ የሚሸጠው አልኮል እንዳይጠጣ ተብሎ መርዝ የተጨመረበት ሊሆን ስለሚችል፣ የታሸገበትና የተጻፈበት ሳይታይ በጀሪካን የሚሸጥ «ንጹሕ አልኮል» ፈጽሞ ሊገባበት አይገባም።

አረቄው የሚገባበትም ሰዓት የራሱ ክርክር አለው። በወረታ የየካቲት ሙቀት መፍላቱ ይፈጥናል፤ ማታ ለጋ የነበረው ወይን ጠዋት ሊደርቅ ይችላል። በምላስ መቅመስ ይበቃል የሚሉ የጠጅ ጣዮች ልምድ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ምላስ አሲድ በበዛበት ወይን ውስጥ ስኳርን አሳንሶ ይገምታል። ሃይድሮሜትር የሚባለው ተንሳፋፊ የመስታወት መለኪያ በየስድስት ሰዓቱ ቢገባና 1.050 አካባቢ ሲደርስ አረቄው ቢጨመር ስሕተቱ ይጠብባል። እስከዚያው ድረስ ወደ ላይ የሚንሳፈፈውን ልጣጭ በቀን ብዙ ጊዜ በእጅ ወደ ታች መድፈቅ የእግሩን ርግጫ ይተካል።

የዘቢቡ መንገድ

አረቄ ሳይገባ ጣፋጭና ብርቱ ወይን ጠጅ የሚገኝበት ሌላ ጥንታዊ ዘዴ አለ። የተለቀመው ዘለላ በሰሌን ላይ ተሰጥቶ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት በፀሐይ ሲጠወልግ ውኃው ይተንና ስኳሩ ይጠራቀማል፤ ከዚያ ሲጨመቅና ሲፈላ እርሾው 14 ወይም 15 በመቶ አልኮል ላይ ሲደርስ በራሱ ይዝላል፣ የተረፈውም ስኳር ይቀራል። የቆጵሮሱ ኮማንዳሪያ መነሻው ይህ ነው፣ ኢጣሊያኖችም ፓሲቶ ይሉታል። በመቅደስ ዘቢብ የሚያደርቅና የሚዘፈዝፍ አገር ከዚህ ዘዴ የሚለየው አንድ እርምጃ፣ ማለትም መፍላቱ ብቻ ነው።

ተቃውሞው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ይህ ፖርት አይደለም፤ ብርታቱም ቆይታውም ያንሳል። ይህ እውነት ነው። ሁለተኛ፣ ሲጠወልግ ይሻግታል፣ ዝንብና ንብም ይወሩታል የሚል ነው። ይህ በዝናብ ወቅት ትክክል ነው፤ በየካቲትና በመጋቢት በፎገራ ፀሐይ ግን፣ በርበሬ ሲሰጥ እንደሚደረገው ቀን ተገላብጦ ማታ ከጤዛ ከተሸፈነ፣ በሻሽም ከተከደነ፣ ችግሩ የሚወጡት ነው። ለአንድ ዳስ ባለቤት ይህ መንገድ ከአረቄው ሁሉ ይበልጣል፤ መርዝ የለበትም፣ እሳት አይጠይቅም፣ ወይኑንም በሌላ ነገር አያቀጥነውም። ከዚህ በኋላ ብርታቱን ከፍ ለማድረግ የሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገው የንጹሕ አልኮል መጠን ከግማሽ በላይ ያንሳል።

ጋን፣ በርሜልና ጠርሙስ

በዕቃው ላይ ያለው ልዩነት ከአረቄው ያነሰ ነው። በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጭስ የታጠነ ጋን ለጠላና ለጠጅ የተመሰከረለት ነው፤ ለሁለትና ሦስት ቀን መፍላትም ያገለግላል። ለማቆየት ግን አይሆንም፤ ሸክላ ይተነፍሳል፣ የጭሱም ጣዕም ለወራት ሲቆይ ወይኑን ይሸፍነዋል። በፖርቹጋል 550 ሊትር ገደማ በሚይዝ የእንጨት በርሜል ለዓመታት ሲቀመጥ ወደ ቡናማነት የሚለወጠውና የለውዝ ጣዕም የሚያወጣው ዓይነት በትንሽ ዕቃ አይገኝም፤ ትንሽ ዕቃ ከይዘቱ አንጻር ለአየር የሚጋለጠው ገጽ ሰፊ ስለሆነ መጠጡ ሳይበስል ያረጃል። በዋንዛ ወይም በወይራ እንጨት በርሜል መተካት ይቻላል የሚለው ሐሳብ አጓጊ ነው፣ በፈተና የተደገፈ ግን አይደለም። እስከ አፉ የተሞላ የመስታወት ጠርሙስ በጨለማና በቀዝቃዛ ስፍራ ከሁሉ ይሻላል።

ስሙ

የተሳካ መጠጥ ቢገኝ ፖርት ሊባል ይገባል ወይ የሚለው የመጨረሻው ክርክር ነው። አንዱ ወገን ፖርት የአሠራር ስም ሆኗል ይላል፤ ሌላው በዶውሮ ወሰን ውስጥ ላልተሠራ መጠጥ ስሙን መጠቀም የሰው ስም መውሰድ ነው ይላል። ኢትዮጵያ የሲዳሞ፣ የይርጋጨፌና የሐረር ቡና ስሞች የራሷ ሆነው እንዲታወቁ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሟገተች አገር ናትና፣ ፍርዱ ለሁለተኛው ወገን ቢሰጥ ተገቢ ነው። ለጓዳ የተሠራውን ማንም በፈለገው ስም ይጥራው፤ ለገበያ ከወጣ ግን የይፋግ ወይም የወረታ ጣፋጭ ወይን ጠጅ ቢባል ታሪክም ክብርም አለው። ገበያ ላይ ከዋለ ደግሞ ፈቃድና የጥራት ምርመራ ይከተለዋል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥንም ይከለክላል።

አሁን የጎደለው ክርክር ሳይሆን በቦታው የተያዘ መዝገብ ነው፦ በየትኛው ተዳፋት፣ በየትኛው ወር ተገርዞ፣ በሊትር ስንት ግራም ስኳር ተገኘ የሚል። ይህን ለመያዝ የወረታ ግብርና ኮሌጅና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ናቸው፤ ጥቂት የጓሮ ባለቤቶች ቢተባበሯቸውና አንድ ሃይድሮሜትር በጋራ ቢኖራቸው ይጀመራል። ዘንድሮ የሚተከል የወይን ቁራጭ ለጠጅ የሚበቃ ፍሬ የሚሰጠው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።